ከምጽዋቱ በፊት ደመወዙ

«ድሃ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ በመጀመሪያ በዓይነ ኅሊናችሁ የሚመጣው ማን ነው? ለብዙዎቻችን በመንገድ ዳር እጃቸውን የዘረጉ አረጋዊ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ወይም መኪና በቆመ ቁጥር መስኮት የሚያንኳኳ ሕፃን ነው የሚታየን። እነዚህ ወገኖቻችን እርዳታ እንደሚገባቸው የሚያጠያይቅ አይደለም። እኔ ግን ዛሬ ላነሣላችሁ የምፈልገው ሌላ ድሃ አለ።

ይህ ድሃ አይለምንም። ከእኛ ቀድሞ ይነሣል፣ ከእኛ ዘግይቶ ይተኛል። ገና ጎህ ሳይቀድ ዶማና አካፋ ይዞ አደባባይ ላይ ቆሞ የሚቀጥረውን ይጠብቃል። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ከሸማው ጉድጓድ ሳይወጣ ይውላል፤ እርሱ የሸመነውን የሚለብሰው ግን ሌላ ሰው ነው። የእኛን ልጅ አጥባ፣ አብልታ፣ ደብተሩን ይዛ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ እርሷ ራሷ ግን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። በራችንን ይጠብቃል፣ ቢሯችንን ትወለውላለች፣ ቤታችንን በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራል። ወር ሲሞላ የሚቀበለው ገንዘብ ግን ወሩን አያደርሰውም። ሥራ ፈትቶ ሳይሆን እየሠራ የሚራብ ድሃ ነው።

ታዲያ የሥራ ፈቱ ድህነት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የሚሠራው ሰው ድህነት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እጃችን ላይ ነው፤ የሚከፈለውን የምንወስነው እኛ ነንና። እስቲ ይህን ነገር አብረን እንመልከተው።

የዘበኛ ልጅ ነኝ

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ባነበብኩት ብቻ አይደለም። አባቴ በአዲስ አበባ በአንድ ግቢ ለ14 ዓመት የሌሊት ዘበኛ ነበር። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለሰው ታቀርብ ነበር። አራት ልጆች ሆነን ኮልፌ አካባቢ በአንዲት የኪራይ ክፍል አደግን።

የአባቴ ቀጣሪዎች ጨካኞች አልነበሩም። እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው በመስጠት የታወቁ ባልና ሚስት ነበሩ። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዘይትና ዱቄት ይልኩልን ነበር። ልጆቻቸው ያደጉበትን ልብስ እኛ እንለብስ ነበር። መስከረም ሲጠባ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዙልን ነበር። እናቴ ስማቸውን ሳትጠራ ጸልያ አታውቅም፤ ምርቃቷም ከልቧ ነበር።

ነገር ግን የአባቴ ደመወዝ ለአምስት ዓመት ባለበት ቆመ። በእነዚያ ዓመታት የቤት ኪራያችን ሁለት ጊዜ ጨመረ። አንድ ቀን አባቴ ደፍሮ ጭማሪ ጠየቀ። እትዬ የመለሱለትን ቃል አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ፦ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ለእኛ ቤተሰብ ነዎት። በቤተሰብ መካከል ስለ ብር ይወራል እንዴ? የጎደለዎት ነገር ሲኖር ይንገሩን እንጂ!»

አባቴ ቤተሰብ መባሉ ደስ አሰኝቶት ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል ምን እንዳስከተለ ልንገራችሁ። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ጉድለት መንገር ነበረበት። ለመድኃኒት መንገር፣ ለዩኒፎርም መንገር፣ ለኪራይ መንገር። መቼ እንደሚናገር ያጠና ነበር፤ ጋሼ ከሥራ ሲገቡ ፊታቸው ፈካ ያለበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። ታናሽ እህቴ በታይፎይድ ታማ በተኛች ጊዜ ሁለት ምሽት በሩን ከፍቶ መኪናቸውን አስገብቶ፣ ቃሉ ከጉሮሮው ሳይወጣ ቀረ። ከዕድራችን በተወሰደ ብድር ታከመች።

አባቴ ጡረታ በሌለው ዕድሜው፣ ያለ ምሬት እንዲህ ብሎኛል፦ «ልጄ፣ የሰጡኝን ሁሉ ደምረው በደመወዜ ላይ ቢያደርጉልኝ ኖሮ፣ እንደ ሠራተኛ እገባ ነበር እንጂ እንደ ለማኝ አልቆምም ነበር።»

ውድ አንባቢያን፣ በደመወዝና በምጽዋት መካከል ያለው ልዩነት የብሩ መጠን ብቻ አይደለም። ደመወዝ ቀን አለው፣ ምጽዋት ቀን የለውም። ደመወዝ የሚቀበል ሰው ቀና ብሎ ይቀበላል፤ ኪራዩን፣ የልጁን ትምህርትና ዕቁቡን ያቅድበታል። በምጽዋት የሚኖር ሰው ግን የሰጪውን ፊት ሲያነብ ይኖራል። ሁለቱም ከአንድ ኪስ ሊወጡ ይችላሉ፤ ተቀባዩ ላይ የሚሠሩት ሥራ ግን የተለያየ ነው።

ያልተጨመረ ደመወዝ የተቀነሰ ደመወዝ ነው

እኔ አድጌ የሒሳብ ባለሙያ ሆንኩ። የብዙ ዓመት ሥራዬ በግል ድርጅቶች ውስጥ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ይህ ሥራ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ሰውን የሚጎዳው ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ቁጥርም ይጎዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዋጋ በ30 በመቶ ሲጨምር፣ ባለፈው ዓመት 1,000 ብር ያወጣ የነበረው አስቤዛ ዘንድሮ 1,300 ብር ያወጣል። ደመወዙ ባለበት የቆመ ሰው በ1,000 ብሩ የሚገዛው ዓምና 770 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። እንግዲህ ያ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ የደመወዙን ሩብ ያህል አጥቷል ማለት ነው። ማንም አልቀጣውም፣ ማንም ከዝርዝሩ ላይ አልቀነሰበትም። እኛ «አልነካንበትም» እንላለን፤ ገበያው ግን በእኛ ዝምታ ውስጥ አልፎ ወስዶበታል።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ መድኃኒትና ነዳጅ ሁሉ በዶላር የሚገዛ ነው። ዶላር ከውጭ የሚላክላቸው ቤተሰቦች በዚያ ጊዜ ትንሽ ተንፍሰው ይሆናል። ቤት ያለው ኪራዩን ጨመረ፣ ነጋዴው ዋጋውን ጨመረ። የሚሸጠው ጉልበቱን ብቻ የሆነ ሰው ግን የጉልበቱን ዋጋ ራሱ መጨመር አይችልም፤ ሌላ ሰው እስኪጨምርለት ይጠብቃል። በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ርቀት የሚሰፋበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ዋጋ ሲንር ሁሉም እኩል አይጎዳም፤ ዋጋ መተመን የማይችለው ይጎዳል።

ግብሩም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ይመስል ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከደመወዝ ግብር ነፃ ያደረገው በወር እስከ 600 ብር ያለውን ገቢ ነበር። ያ ቁጥር እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ሳይነካ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት መጨረሻ 600 ብር ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ እንኳ አይበቃም ነበር። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በመካከሉ ላለፉት ዓመታት ከዝቅተኛው ደመወዝተኛ ላይ ስንቀንስ የኖርነውን እኔ በየወሩ በእጄ የምጽፈው ስለሆነ አልረሳውም።

የሐዋሳው ትምህርት

«ሥራ ይኑር እንጂ ደመወዙ ቀስ እያለ ይስተካከላል» የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። ሥራ መኖሩ ትልቅ በረከት መሆኑን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን በዚሁ በአገራችን የሆነውን እንመልከት።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60,000 ለሚያህሉ ሰዎች ሥራ ይሰጣል ተብሎ ታቅዶ ነበር። ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ልብስ ስፌት ላይ ተሰማሩ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የጥናት ማዕከል ያወጣው ዘገባ የእነዚህ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑን ገለጸ። በዚያው ዘገባ የባንግላዴሽ ልብስ ሰፊ 95 ዶላር፣ የኬንያዋ ደግሞ 207 ዶላር በወር እንደሚያገኙ ተጽፎ ነበር። ልብሱ የሚሸጠው ግን በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? ልጆቹ በዚያ ገንዘብ ቤት ተከራይተው፣ በልተው፣ ለወላጆቻቸው ልከው መኖር አቃታቸው። ስለዚህ ተዉት። ዘገባው እንደሚለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ያህል በአዲስ ይተኩ ነበር። የሠለጠነችው ትሄዳለች፣ አዲሷ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፣ ምርቱ ይወርዳል። ዝቅተኛው ደመወዝ ለአሠሪውም ርካሽ አልሆነም ማለት ነው። በኋላም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አገራችን ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የምትልክበት የአጎዋ ዕድል ሲቋረጥ፣ አስቀድሞ ምንም ያላጠራቀሙት እነዚሁ ሠራተኞች ናቸው ይበልጥ የተጎዱት። ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ደመወዝ ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር አያስቀርምና።

ይህን የማነሣው ፋብሪካ ያለን አንባቢያን ብዙ ስለሆንን አይደለም። ቤታችንን ብናይ ነገሩ በትንሹ አለ። በዓመት ሦስት የቤት ሠራተኛ የምትቀያይር እናት «የዘንድሮ ልጆች አይረቡም» ትላለች። ደላላው ደግሞ በእያንዳንዱ ቅያሪ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ለደላላ በየጊዜው የምንከፍለውን ደምረን በልጅቷ ደመወዝ ላይ ብናደርገው ምናልባት ትቆይ ነበር ብለን አስበን እናውቃለን?

ሕጉ የሚለውና የማይለው

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ብዙ መልካም ነገር ይዟል። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ለትርፍ ሰዓት ቀን ላይ የመደበኛውን ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል ጊዜ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት ጊዜ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ጊዜ መክፈል ግዴታ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ለወለደች እናት በድምሩ 120 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ይሰጣል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ።

ለግል ሠራተኛ የደመወዝ ወለልን በተመለከተ ግን አዋጁ የሚናገረው ወደፊት ስለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ይህ ወለል እንዲወሰን ለዓመታት ሲጠይቅ ቆይቷል። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱን ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጓል። በግል የተቀጠረው ግን የሚያገኘው እንደ ቀጣሪው ነው። የቤት ሠራተኛና የግቢ ዘበኛ ደግሞ ከዚህም ይርቃሉ፤ አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ትቶታል። አባቴ ሌሊት 12 ሰዓት፣ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራ ነበር። ይህ በሳምንት 84 ሰዓት ነው። በፋብሪካ ቢሆን ኖሮ 36ቱ ትርፍ ሰዓት ነበር።

ስለዚህ ሕጉ ባልደረሰበት ቦታ ላይ የቆመው ማን ነው? እኛ ነን። በገዛ ግቢያችን ውስጥ ሕግ አውጪውም፣ ዳኛውም፣ ከፋዩም እኛው ነን። ክርስቲያን መሆናችን የሚፈተነውም ማንም በማይቆጣጠረን በዚህ ቦታ ነው።

በዚያው ምዕራፍ ውስጥ

ስለ አሥራት ሲሰበክ ሁላችንም የምናውቀው ክፍል የሚልክያስ 3፥10 ነው። በየቤተ ክርስቲያናችን ብዙ ጊዜ ተነብቧል፤ በቃላችንም እናውቀዋለን። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና ግን ከዚያው ምዕራፍ አምስት ቁጥሮች ወደ ላይ ውጡ። በቁጥር 5 ላይ ጌታ ለፍርድ ሲቀርብ የሚመሰክርባቸውን ሰዎች ይዘረዝራል። መተተኞችና አመንዝሮች እንዲሁም በሐሰት የሚምሉ አሉበት። ከእነርሱ ጋር አብረው የተቆጠሩት ደግሞ የሙያተኛን ደመወዝ የሚከለክሉ ናቸው።

ይህ ሊያስገርመን ይገባል። የቤቱን በር ዘግቶ መተት የሚያደርግን ሰው በጉባኤ እንገሥጻለን። የሠራተኛውን ደመወዝ ሦስት ወር ያዘገየውን ሰው ግን የክብር ወንበር ልንሰጠው እንችላለን። ነቢዩ ሁለቱን በአንድ መስመር አስቀምጧቸዋል።

ሙሴም በዘዳግም 24 ላይ ለቀን ሠራተኛ ዋጋው በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጠው አዝዟል። ምክንያቱንም ተናግሯል፤ ሰውየው ድሃ ነው፣ ነፍሱም በዚያ ገንዘብ ላይ ናት። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ላይ የተቀማው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ የአጫጆቹም ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ እንደ ደረሰ ይናገራል። ልብ በሉ፤ ሠራተኛው ዝም ሊል ይችላል። አባቴ ዝም ብሎ ነበር። ያልተከፈለው ዋጋ ግን ዝም አይልም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። እግዚአብሔር ከሠራተኛው ከያዝነው ላይ ቀንሰን የምናመጣለትን አሥራት አይፈልግም። ለሠራተኛው የሚገባውን ከከፈልን በኋላ የምንሰጠው ስጦታ ነው። የሚገባውን ሳንከፍል የምንሰጠው ግን የሌላን ሰው ገንዘብ ነው። ምጽዋት ጥሩ ነው፤ ተራው ግን ከደመወዝ በኋላ ነው።

«እኛም እኮ ደመወዝተኞች ነን»

እዚህ ላይ ስትደርሱ «አንተ የምትለው ለባለሀብት ነው፤ እኛ ራሳችን ወር መድረስ አቅቶን የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ልናልፈው አይገባም።

የመምህርት ወይም የነርስ ደመወዝ የምታገኝ እናት የቤት ሠራተኛ የምትቀጥረው ለድሎት አይደለም። ካልቀጠረች ሥራዋን ትተዋለች። ለሠራተኛዋ የሚገባትን ብትከፍል ደግሞ ከራሷ ደመወዝ የሚተርፋት ጥቂት ነው። የእርሷ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚችለው ከእርሷ በታች ያለች ሌላ ሴት ይበልጥ ዝቅ ያለ ደመወዝ ስለምትቀበል ነው። ሸክሙ ከላይ ወደ ታች እየተላለፈ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ማንም በታች በሌላት በአንዲት የገጠር ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ትንሽ ሱቅ ወይም ወርክሾፕ ያለው ወንድማችንም እንዲሁ ነው። መዝገቡን አይቻለሁ፤ ኪራዩና ግብሩ ከተከፈለ በኋላ ብዙ የማይተርፈው አለ።

ለእነዚህ ወገኖች የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለራሳችን ጭማሪ ስንጠይቅ የምንደረድረውን ምክንያት እናስታውስ። ለአለቃችን «ኪራይ ጨመረ፣ ጤፍ ተወደደ፣ ታክሲ ጨመረ» እንላለን። ሠራተኛችንም የምትገዛው ከዚያው ገበያ ነው። ለእኛ እውነት የሆነው ለእርሷ ሐሰት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ ብር መጨመር ፈጽሞ ካልቻልን ሰዓት መቀነስ እንችላለን። ሌሊትና ቀን ከምታገለግል አዳሪ ይልቅ ተመላላሽ መቅጠር፣ ሁለት ጎረቤታሞች አንዲት ሠራተኛ በሙሉ ደመወዝ ተካፍለው ማሠራት፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ማታ ትምህርት እንድትሄድ መልቀቅ ይቻላል። ሰዓት የእርሷ ሀብት ነው። ሙሉ ሰዓቷን ወስደን ግማሽ ዋጋ ከምንሰጣት፣ የምንችለውን ዋጋ ሰጥተን የቀረውን ሰዓት ለእርሷ መመለስ ይሻላል።

ምን እናድርግ?

በየቤታችን ልንጀምራቸው የሚቻሉ ጥቂት ነገሮችን ላስቀምጥ።

1. የክፍያ ቀን ይኑረን፤ ቀኑም አይለፍ። ሠራተኛችን ደመወዟን ለመጠየቅ ድፍረት ማሰባሰብ የለባትም። የእኛ ደመወዝ ቢዘገይ እንኳ አስቀድመን እንንገራት።

2. በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በመስከረም፣ ደመወዙን ሳትጠይቀን እንከልሰው። ባል፣ ሚስትና ሠራተኛዋ ተቀምጠው የዓምናውንና የዘንድሮውን የአስቤዛ ዋጋ ያነጻጽሩ። ቢያንስ ገበያው የወሰደውን እንመልስላት።

3. ስጦታን ከደመወዝ አንቁጠር። የበዓል ልብስ ስጦታ ነው፤ ከሰጠን በደስታ እንስጥ። በወሩ መጨረሻ ግን «ልብስ ገዝቼልሽ የለም ወይ?» አንበል። «ቤተሰብ ነሽ» የሚለውም ቃል ደመወዝን ለማስቀረት የሚነገር ከሆነ ባይነገር ይሻላል።

4. የዕረፍት ቀን እንስጥ። እሑድ እኛ ለአምልኮ ስንወጣ ምሳ ለመሥራት የምትቀር ልጅ በብዙ ቤት አለች። እርሷም ነፍስ አላት። ከፈለገች ወደ አምልኮ፣ ካልፈለገችም ወደ ዘመዶቿ ትሂድ፤ ቀኑ የራሷ ይሁን።

5. ገንዘቧን አንያዝላት። «እኔ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» ከማለት ይልቅ በራሷ ስም የባንክ ደብተር እናውጣላት። ድርጅት ያለን ደግሞ የጡረታውን 7ና 11 በመቶ በወቅቱ እናስገባ። ሠራተኛው ያረጅ ይሆናል ብለን ባናስብ እንኳ እርሱ ማርጀቱ አይቀርም።

6. በቤተ ክርስቲያናችን እንጀምር። የአጥቢያችን ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ፣ በገጠር ያለው ወንጌላዊ ስንት ይከፈላቸዋል? በዓመታዊው ጉባኤ የሕንፃው ሪፖርት ሲቀርብ ይህም በግልጽ ይቅረብ። ለድሆች የሚደረገው እርዳታ የሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የራሳችን ሠራተኞች ስም ካለ፣ መፍትሔው ተጨማሪ እርዳታ ሳይሆን የደመወዝ ማስተካከያ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የአገራችንን የኑሮ ውድነት ከቤታችን ሆነን ልናቆመው አንችልም። የምንዛሪውን ዋጋ እኛ አንወስንም፤ የደመወዝ ወለሉን የሚያስቀምጠውም ሌላ አካል ነው። ለእነርሱ እንጸልያለን፤ በሕጋዊ መንገድም እንጠይቃለን። ነገር ግን እያንዳንዳችን የምንወስነው አንድ ቁጥር አለ። ለአንዱ አንድ ሰው ላይ፣ ለሌላው አምስት ሰው ላይ፣ ለአንዳንዱም መቶ ሰው ላይ ነው።

በዚህ ወር መጨረሻ ያንን ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወረቀት ውሰዱ። የሠራተኛችሁን ኪራይ፣ የምግቡን፣ የትራንስፖርቱን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ወጪ ጻፉና ደምሩት። ከዚያ በአጠገቡ የምትከፍሉትን ጻፉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት በየወሩ የሚሸፍነው አንድ ሰው አለ፤ ወይ በረሃብ፣ ወይ በብድር፣ ወይ በልመና ይሸፍነዋል። ያንን ልዩነት በተቻለን መጠን እያጠበብን እንድንሄድ ጌታ ማስተዋሉንና አቅሙን ይስጠን። አሜን።